ነፋስ የማይገባበት ክፍል

መሐንዲሱ ወንዳወቅ ነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት፣ ራሱ በነደፈው ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች ላይ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ቁስል የለበትም። ደም የለም። ፊቱ እንደ ሬሳ አልገረጣም፤ ቀላ ብሏል። በር ላይ ቆሞ ላየው፣ ሙቀት አግኝቶ እንቅልፍ የጣለው ሰው ይመስላል።

ሕንፃው ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ በቡሬ መንገድ ዳር ነው። የዕፅዋት ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ላቦራቶሪ ይባላል። ከበሽታ የጸዳ የድንች ዘር በጠርሙስ ውስጥ ሊበቅልበት ነው የታሰበው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አንድ ነው፤ በየከተማው ሕንፃ የሚቆምበት፣ ሁሉም ለምረቃ የሚጣደፍበት ዘመን።

ዋና ሳጅን ሀብትነሽ በባጃጅ ደረሰች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ናት። ጥቂት ትናገራለች። መጀመሪያ ሬሳውን አየች። ቀጥሎ ከክፍሉ መካከል የተቀመጡትን ሁለት ግማሽ በርሜሎች አየች። ከሰሉ ዐመድ ሆኗል፤ ብረቱ ግን ገና ትኩስ ነው።

«ማን አገኘው?»

«እኔ» አለች ሰብሊ። የላቦራቶሪው ተመራማሪ ናት። ዐይኗ አብጧል። «ሳምንት ሙሉ ሲያስለው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ‹ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ትንሽ ልሙቅ› ብሎ ገባ። ልቀሰቅሰው ስመጣ...»

«በሩ?»

«ተዘግቶ ነበር። አልተቆለፈም።»

«መስኮት የለውም?»

«አያስፈልገውም። ችግኙ በመብራት ነው የሚያድገው። ትንሽ አቧራ ከገባ ሻጋታ ይዞ ይገባል፤ የስድስት ወር ሥራ በአንድ ቀን ይበሰብሳል። ለዚህ ነው ወንዴ ክፍሉን ከውጭው ነፋስ የለየው። አየሩ በጣሪያው ማጣሪያ ገብቶ በዚያ ይወጣል።» ከኋለኛው ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ዝቅ ብሎ ያለውን የብረት ወንፊት አሳየቻት። ክንድ በክንድ ይሆናል። «የጣሪያው ሞተር ገና ስላልመጣ በላስቲክ አሽጎታል። የግድግዳው ግን ክፍት ነው።»

ሀብትነሽ ወንፊቱን ቀና ብላ አየች። ከኋላው ጨለማ ነው።

«ከሰሉንስ ማን አመጣው?»

ሥራ ተቋራጩ ታከለ ጉሮሮውን ጠረገ። ወፍራም፣ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ሰው ነው። «እኔ ነኝ። ምን እደብቃለሁ? ክረምት ነው፣ ሳጅን። ልስን አልደርቅ አለኝ። ከባሕር ዳር ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው። እሱም ፈቅዷል። ይኸው ጽሑፉ።»

የሥራ መዝገቡን ዘረጋላት። በጠራ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ኋለኛው የአየር መውጫ ክፍት እስከሆነ ድረስ ከሰል ማንደድ ይቻላል። ወንዳወቅ።»

«ከሰው ጋር ተጣልቶ ያውቃል?»

ዘበኛው ወልደ ዮሐንስ ተናገረ። «ማክሰኞ ዕለት ከያህያ ጋር። የቡሬው፣ የበርና መስኮቱ ሠራተኛ። መሐንዲሱ በሩን ሦስት ጊዜ አስፈታው። ያህያም ተናዶ ‹እንግዲህ ታሽገህበት ተኛ!› አለው። ሁላችንም ሰምተናል።»

የሆስፒታሉ ሐኪም ከሰል ነው የመታው አለ። ሕዝቡ ግን ከሰሉን አልሰማም፤ የሰማው «ታሽገህበት ተኛ» የሚለውን ነው። ያህያ ቡሬ ላይ ተይዞ መጣ።

ዐርብ ወንዳወቅ ተቀበረ። ከቀብር መልስ ሀብትነሽ ለቅሶ ቤት ሄደች። የሟቹ አባት አያ ባምላኩ ድንጋይ ጠራቢና ግንበኛ ናቸው። ሰባ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸውን ያስተማሩት በዚሁ ሥራ ነው። ድንኳኑ ከጠበበባቸው ሰዎች ጋር ከአጥሩ ሥር ተቀመጠች። አጥሩ የድንጋይ ነው፤ ቢላ አያስገባም።

«እስቲ ነቅንቂው» አሏት አጠገቧ የተቀመጡ ሽማግሌ። «አይነቃነቅም። ባምላኩ የመጨረሻዋን ድንጋይ ‹በስመ ሥላሴ› ብሎ በሦስት ጠጠር ይቆልፋታል። ከጅጋ እስከ ቡሬ የሱ እጅ ያልነካው ጥሩ ግንብ የለም። ምን ያደርጋል! ለእንዲህ ያለ ቀን።»

ባምላኩ ራሳቸው መጥተው ፊት ለፊቷ ቆሙ። እጃቸው ትልቅ ነው፤ ጥፍራቸው ተሰነጣጥቋል።

«ልጄ፣ ያ ሰው መቼ ነው የሚፈረድበት?»

«ገና እያጣራን ነው፣ አያ።»

«ምኑ ይጣራል? አሽጌ እገድልሃለሁ ብሎ አሽጎ ገደለው።» ቁጭ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እኔ ቤት ሠርቼ ስጨርስ ነው የማየው። እሱ ሳይሠራው ያየዋል። ወረቀቱን ዘርግቶ ‹አባባ፣ እዚህ ጋ በር አለ› ይለኛል። እኔ መስመር ነው የሚታየኝ። ‹አዎ፣ አየሁት› እለዋለሁ።»

ሀብትነሽ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«መንግሥት ቢለቀው እኔ አልለቀውም» አሉ ባምላኩ። «ይህን ጻፊው። ሰባ ዓመቴ ነው፤ ወኅኒ ቤት ምን ይነጥቀኛል? የልጄን ደም የጠጣ ሰው እንጀራ እየበላ እኔ አልተኛም።»

ፎከሩ አይባልም። የነገ ሥራቸውን እንደሚናገር ሰው ነው የተናገሩት። ሀብትነሽ በዚያ አካባቢ ተወልዳ አድጋለች። ያህያ በማስረጃ ጉድለት ቢለቀቅ ቡሬ ሳይደርስ እንደሚሞት ገባት። እጁ ንጹሕ ከሆነ፣ መለቀቁ ብቻ አያድነውም። የገደለው ማን እንደሆነ በሰው ፊት መነገር አለበት። መዝገቡ ደግሞ ሰኞ ለዐቃቤ ሕግ ይቀርባል።

ቅዳሜ ጠዋት ያህያን አስጠራችው። ቀጭን፣ እጁ በአሉሚኒየም የተቆራረጠ ሰው ነው። ቆሎ ገፋ አደረገችለት።

«ይባርክሽ፤ ፆም ነኝ። የእናንተ ዛሬ ወጣ፣ የእኛ ዛሬ ገባ። መቼም አገሩ ያለ ፆመኛ አያድርም።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«በሩ ነፋስ አያስገባም?»

«አያስገባም። ለዚያ አይደል ያለቀስኩት! ወረቀት በጎማው መካከል ያስገባና በሩን ዘግቶ ይስባል። ወረቀቱ ከወጣ ‹ድገም›። ሦስት ጊዜ! እኔም ሰው ነኝ፤ አፌ አመለጠኝ።»

«ቡሄ ዕለት ሥራ አልነበረም። አንተ ግን መጥተሃል።»

«መጣሁ። ማታውን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በጠዋት መጥቼ አራተኛ ጊዜ ሠራሁት። ወረቀቱን አስገባ፣ ሳበ፤ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ሳቀ። ሙልሙል ሰጠኝ። ታረቅን፣ ሳጅን። እኩለ ቀን ላይ ወደ ቡሬ ተመለስኩ።»

«ሲታረቅህ ማን አየ?»

«እሱና አላህ።»

ከዚያ ዘበኛውን ጠየቀች።

«ቡሄ ዕለት ከያህያ ሌላ ማን መጣ?»

«ማንም። ክርስቲያን በቡሄ ድንጋይ አያነሣም፣ ሳጅን። ይህን የሚያደርግ ያው እሱ ነው።»

«አንተ ቀኑን ሙሉ እዚህ ነበርክ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ሙልሙል አልደረሰህማ።»

«ኧረ! እኅቴ ጋግራልኝ—»

«የት ነው የምትኖረው?»

«ጅ... ጅጋ።» ወልደ ዮሐንስ ራሱን አከከ። «ከምሳ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው ብቅ ያልኩት። በእግዜር፣ አይጻፉብኝ! አቶ ታከለ ያባርረኛል።»

«መሐንዲሱስ?»

«ያህያን ሸኝቶ በሩን ቆለፈና ወደ ጓደኞቹ ሄደ።»

ሰብሊን ያገኘቻት በባዶው ኮሪደር ነው፤ የጠርሙስ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ምንም አትሠራም።

«ከሰሉ የነደደው መቼ መቼ ነው?»

«ሰኞና ማክሰኞ። ረቡዕ ቡሄ ነበር። ከዚያ ሐሙስ።»

«ሰኞና ማክሰኞ ክፍሉ ውስጥ ሰው ገብቷል?»

«እኔ። ወንዴ የሙቀቱን ልክ በየሩብ ሰዓቱ እንድጽፍ አዞኝ በሩን ዘግቼ ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ።»

«ራስሽን አላመመሽም?»

«ምንም።» ሰብሊ ቀና አለች። «ምንም አላመመኝም...»

«የከሰሉ መጠን ያው ነው?»

«ያው ነው።»

ሀብትነሽ ከዘበኛው ጧፍ ለምና ወደ ክፍሉ ገባች። በርሜሉን ገልብጣ ላዩ ላይ ወጣች፤ ጧፉን ለኩሳ ወደ ወንፊቱ አስጠጋች። ውጭ ዝናብ ያዘለ ነፋስ የበቆሎውን ቅጠል ያንኳኳል። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልተነቃነቀም።

ጧፉን አጥፍታ በሕንፃው ጀርባ ዞረች። ከኋላ አጥር የለም፤ የበቆሎ ማሳ ነው። ግንበኞች ያልነቀሉት የእንጨት መወጣጫ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ቀዳዳ ሊኖር በሚገባበት ቦታ ቀዳዳ የለም። ድንጋይ ነው። ሥሩ ላይ አንድ እርጥብ ጆንያ ወድቋል።

ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ተጠርበዋል። እያንዳንዱ በሁለት ላይ ተቀምጧል። የሲሚንቶ ጠብታ የትም አልፈሰሰም። በአውራ ጣቷ ገፋቻቸው። ከዚያ ወደ ላይኛዋ ድንጋይ ቀረብ ብላ አየች። ረዥም ጊዜ አየች። ስትወርድ የመወጣጫውን እንጨት በሁለት እጇ ይዛ ነው።

«ምን አገኙ?» አለ ዘበኛው።

«ጥሩ ግንበኛ» አለች።

እሑድ ሥራ አልሠራችም። ሰኞ ጠዋት ሁሉንም በሕንፃው ጀርባ ሰበሰበቻቸው። ታከለ፣ ሰብሊ፣ ወልደ ዮሐንስ መጡ። ያህያ በሁለት ፖሊስ መካከል ቆመ። አያ ባምላኩ ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ኩታቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ደረሱ። ዐይናቸው ከያህያ አልተነሣም።

ሀብትነሽ ወደ እሳቸው ሄደች። ጎንበስ ብላ በዝግታ ተናገረች። «አያ፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ለብቻዎ ልንገርዎ።»

«ምን የሚደበቅ አለ? በሰው ፊት ነው የሞተው። በሰው ፊት ይነገር።»

«እባክዎን።»

«በሰው ፊት፣ ልጄ!»

ቀና አለች።

«እሺ» አለች። «ወንዳወቅን የገደለው ከሰል ነው። ሐኪሙ ብሏል። ከሰሉን አቶ ታከለ አስገባ። ግን ወንዳወቅ ራሱ ፈቅዷል፤ የፈቀደውም ያለ ነገር አይደለም። የከሰሉ አየር የሚወጣበት መንገድ ነበረው።»

«በሩን ያሸገው ይኸ ነው!» አሉ ባምላኩ።

«በሩ ተሠርቷል፣ አያ። ግን ያስቡት። ሰኞና ማክሰኞ ከሰሉ ሲነድ ሰብሊ በሩን ዘግታ ሰዓት ሙሉ ተቀምጣለች። ራሷን እንኳ አላመማትም። ሐሙስ ያው ከሰል፣ ያው ክፍል፣ ሰው ገደለ። በመካከሉ ያለው ረቡዕ ነው፤ ቡሄ።»

«ቡሄ ዕለት የመጣው ያህያ ብቻ ነው» አለ ታከለ።

«የታየው ያህያ ብቻ ነው። በሩን አጠበቀ፤ እሱም በወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ሌላ ነገር ግን በክንድ ያህል ተለውጧል። ያህያ እኩለ ቀን ላይ ሄደ። ወንዳወቅ ሄደ። ዘበኛው ጅጋ ሄደ። ይህ ጀርባ አጥር የለውም፣ ቁልፍ አይፈልግም።» እጇን ወደ ግድግዳው አነሣች። «እዚያ ላይ ክንድ በክንድ የሆነ ቀዳዳ ነበር። ወንዳወቅ የቆሸሸው አየር እንዲወጣበት ብሎ የተወው ነው። ከውስጥ ወንፊት ስላለው ክፍት ይመስላል። ወንዳወቅም ወንፊቱን እያየ፣ በእሱ ተማምኖ በሩን ዘጋና ተኛ። ከውጭ ግን ተደፍኖ ነበር።»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ታከለ አፉን ከፈተ። «እኔ አላስደፈንኩም! በመድኃኔ ዓለም!»

«አውቃለሁ። ያንተ ሠራተኞች ቢሆኑ ብሎኬት ወትፈው ይሄዱ ነበር። ያህያ ድንጋይ አይጠርብም። መጀመሪያ የደፈነው ገዳይ ነው ብዬ አስቤ ነበር። ግን ገዳይ ይቸኩላል። ይህን የሠራው ሰው አልቸኮለም፣ አልፈራም። ድንጋይ መርጧል፤ ጠርቧል። ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አልብሶታል። ክፉ ነገር የሚሠራ ሰው ለሥራው እንዲህ አይሳሳለትም። ይህ ሰው መልካም እየሠራ መስሎት ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ወደ ማንም አላየችም። መሬቱን አየች።

«የመጨረሻዋ ድንጋይ» አለች፣ «በሦስት ጠጠር...»

«ቀዳዳ?» አሉ ባምላኩ።

ወደ ሀብትነሽ ዞሩ።

«የትኛው ቀዳዳ? ያ... ያ የተረሳው?»

«አልተረሳም ነበር፣ አያ።»

ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ሁለት እርምጃ ሄዱ። ቆሙ። ሲናገሩ ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም።

«ሙልሙል ይዤለት መጣሁ። አጣሁት። የሚሠራውን ልይ ብዬ ዞርኩ። ግንቡ መልካም ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አፉን ከፍቶ አየሁ። ተረሳው፣ ልጄን ተረሳው አልኩ። ሰዎቹ ከባሕር ዳር መጥተው ሊያዩት ነው። ግንበኛ ለሆነ ሰው የተረሳ ቀዳዳ ምን ማለት እንደሆነ...» እጃቸውን ዘርግተው አዩት። «ደግሞ ያስለዋል። እዚህ ውስጥ ጋደም እንደሚል ነግሮኛል። በዚያ ነፋስ ይመታዋል አልኩ። በበዓል ድንጋይ አንሥቼ አላውቅም። እግዜር ይቅር ይለኛል፣ ለልጄ ነው ብዬ አነሣሁ።»

«ለምን አልነገሩትም?» አለች ሰብሊ። ልትጠይቅ አልፈለገችም፤ ከአፏ ወጣ።

«አባት የልጁን ጉድለት አይቶ ይሸፍናል እንጂ ይናገራል? ያፍር ነበራ። እሱ የተማረ፣ እኔ ያልተማርኩ። ‹አባባ አረመኝ› ይበል?»

ታከለ ባርኔጣውን አወለቀ። «ከሰሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አያ። እኔ ባልጣደፍ...»

ያህያም ከፖሊሶቹ መካከል ወጣ፤ አልከለከሉትም። «አያ ባምላኩ፣ በሩን እንዲያ ባላጠብቀው ኖሮ—»

«ተዉ» አሉ ሽማግሌው። «እናንተ የታዘዛችሁትን ሠራችሁ። እኔን ማንም አላዘዘኝም።» ወደ ያህያ ዞሩ፤ ተንበርክከው እግሩን ሊይዙ ሲሉ ያህያ ቀድሞ እጃቸውን ያዘ። «ልገድልህ ነበር» አሉት። «እንድታውቀው። ቦታውንም መርጬ ነበር።»

ያህያ እጃቸውን አልለቀቀም። ያለቅሳል።

ባምላኩ ሁለት እጃቸውን ለሀብትነሽ ዘረጉላት። «በይ እሰሪኝ።»

«ቃልዎን እጽፋለሁ፣ አያ። ፍርዱ የእኔ አይደለም። የሚሸሹበትም የለዎትም፤ አላስርዎትም።»

«እሰሪኝ እንጂ፣ ልጄ! ወዴት ልሂድ? ወለተ ኢየሱስን ምን እላታለሁ?» የሚስታቸውን ስም ሲጠሩ የዘረጉትን እጃቸውን አወረዱ።

«እኔ ልንገራቸው?»

ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «ከእኔ ትስማ። ከገበያ ከምትሰማ።»

ያህያን እዚያው ለቀቀችው። ሽማግሌው በጭቃው መንገድ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሀብትነሽ ኻያ እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርታ ተከተለቻቸው። ከከተማው መግቢያ ላይ ጋሪ ነጂ «ይሳፈሩ አባቴ» አላቸው፤ አልሰሙትም። ከደጃቸው ሲደርሱ በአጥሩ አጠገብ አልቆሙም። በድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ተነሥተው አሳለፏቸው። ወደ ቤት ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ሀብትነሽ ደጅ ቆመች። የካፊያው ድምፅ በድንኳኑ ላይ ይሰማል። ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ አንድ የሴት ድምፅ ከቤት ውስጥ ወጣ፤ ልጇ የሞተ ዕለት ያልወጣ ድምፅ።

እንጀራ በሞሰብ ተሸክማ ከመንገድ የመጣች ጎረቤት በድንጋጤ ቆመች።

«ውይ! ደግሞ ማን ሞተባቸው?» አለች።